ዘመዳችን የልብ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት፦ የወጣቶች አማና

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ወላጆቻችን ወደዚህ ከተማ ሲመጡ ወጣቶች ነበሩ። ዛሬ ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተዋል፣ ወይም ሊወጡ ተቃርበዋል። በጀመዓችንም «የእገሌ አባት ልቡ ሊከፈት ነው»፣ «የእገሊት እናት ቫልቭ ሊቀየርላት ነው» የሚለው ወሬ ከድሮው ይልቅ መደጋገም ጀምሯል። እንዲህ ዓይነት ዜና ሲሰማ ጀመዓችን አይሰንፍም። ሰው ይሰበሰባል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ሆስፒታሉ በጠያቂ ይሞላል። እኔ ከተለያዩ ቤተሰቦች ጋር በጠያቂነትም በአስተርጓሚነትም ሆስፒታል ተመላልሻለሁ። በነዚያ ቀናት ያስተዋልኩት፣ በሽተኛው ብዙ ጠያቂ ቢኖረውም ቤተሰቡ ግን ብዙ ጊዜ ረዳት እንደሌለው ነው። ከቤተሰቡ ሁሉ ከባዱን ሸክም ማንም ሳያስተውል የሚሸከመው ደግሞ ጀርመንኛ የሚችለው ልጅ ነው። ያ ልጅ ምናልባት እናንተ ናችሁ።

የዚህ ትምህርት ዓላማ፣ ያ ቀን ከመምጣቱ በፊት ምን ማወቅና ምን ማዘጋጀት እንዳለብን ማሳየት ነው።

1. ማስታመም ዒባዳ ነው

በሽተኛን መጠየቅ አንድ ሙስሊም በሌላው ሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ መሆኑን ሁላችሁም ተምራችኋል። ቤት ውስጥ በሽተኛን ማስታመም በዲናችን ምን ቦታ እንዳለው ግን ያን ያህል አይነገረንም።

የበድር ዘመቻ በተነሳ ጊዜ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሩቀያ ታማ ነበር። ባለቤቷ ዑሥማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) አብሯት እንዲቆይ ተደረገ። ነቢዩም በድር ላይ የተገኘ ሰው የሚያገኘው አጅርና የምርኮ ድርሻ ለዑሥማንም እንዳለው ነገሩት። ይህ በቡኻሪ ተዘግቧል። በድርን የሚያህል ትልቅ ቀን ላይ ያልተገኘ ሰው እንደተገኘ ተቆጠረለት፤ ምክንያቱም የታመመች ሚስቱ አጠገብ ነበር። እናታችሁን ሐኪም ቤት ለማድረስ ከትምህርት ወይም ከሥራ የቀራችሁበትን ቀን እንደባከነ አትቁጠሩት።

ሌላው ምሳሌ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) ነው። በኸንደቅ ዘመቻ በቆሰለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቅርብ ሆነው ይጠይቁት ዘንድ በመስጂዳቸው ውስጥ ድንኳን አስተከሉለት። ሩፈይዳ የምትባለው ሶሓቢት ቁስለኞችን ታክም እንደነበርም ሲራ ይነግረናል። ከዚህ ታሪክ እንደምንረዳው ጥየቃውና ሕክምናው አብረው ይሄዱ ነበር።

ሦስተኛው፣ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ በሙእታ ሸሂድ በሆነ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠሩ አዘዙ። የሰጡት ምክንያት ቤተሰቡ ፋታ የማይሰጥ ነገር ስለደረሰበት ነው የሚል ነበር። ታሪኩ የሐዘን ቢሆንም ምክንያቱ ለሕመምም ይሠራል። የተጨነቀ ቤተሰብ እንግዳ ሊያስተናግድ አይገባም፤ እሱ ራሱ ሊስተናገድ ይገባል።

2. ሰበብ ማድረስና የከተማችን ታሪክ

«ልብን መክፈት በአላህ ሥራ መግባት አይሆንም ወይ?» ብለው የሚፈሩ አባቶችና እናቶች አሉ። ፍርሃታቸውን አትናቁት፤ መልሱን ግን እወቁት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል፤ አላህ ፈውስ ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም (እርጅና ሲቀር) ነግረውናል። ተወኩል ማለት ሰበብ ካደረሱ በኋላ ልብን በአላህ ላይ ማሳረፍ ነው።

የልብ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ደግሞ እዚሁ ፍራንክፈርት እንደሚጀምር ብዙዎቻችን አናውቅም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ፣ ሂጅራ ካልተባለ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሴፕቴምበር 1896 አንድ የ22 ዓመት አትክልተኛ ደረቱን በቢላ ተወግቶ ዛክሰንሃውዘን ወደሚገኘው የከተማው ሆስፒታል መጣ። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ሐኪሞች ልብን መስፋት የማይሞከር ነገር አድርገው ያዩት ነበር። ልጁ እየደከመ ሲሄድ የሆስፒታሉ ዋና ቀዶ ሐኪም ሉድቪግ ሬን ሴፕቴምበር 9 ቀን ደረቱን ከፍቶ እየመታ ያለውን ልብ በሦስት የሐር ስፌት ሰፋው። ልጁ ዳነ። ይህም በዓለም ላይ በሽተኛው የዳነበት የመጀመሪያው የልብ ስፌት ተብሎ ይጠቀሳል። ዛሬ በኒደራድ ባለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አካባቢ ሉድቪግ ሬን የሚል የመንገድ ስም ብታዩ ሰውየው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ልብን አቁሞ ውስጡን ለመጠገን ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ። የልብንና የሳንባን ሥራ ለጊዜው የሚተካው ማሽን በሰው ላይ በተሳካ ሁኔታ ያገለገለው በ1953 በአሜሪካ ነው። በአገራችን ደግሞ ዶ/ር በላይ አበጋዝ በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን መሠረቱ። ሕፃናቱ ለዓመታት ወደ ውጭ እየተላኩ ሲታከሙ ቆይተው፣ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ።

ይህ የአገር ቤት ታሪክ ከእኛ ቤት ጋርም ይገናኛል። በኢትዮጵያ የልብ ቫልቭ በሽታ ትልቁ ምክንያት በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም፣ በተለምዶ ቶንሲል የምንለው፣ የሚያስከትለው የሩማቲክ ትኩሳት ነው። ጉዳቱ ለብዙ ዓመታት ተደብቆ ቆይቶ ሰውየው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ እናታችሁ «ምን ኃጢአት ሠርቼ ነው?» ብላ ከጠየቀች፣ ምናልባት ደሴ ወይም ከሚሴ ሳለች በልጅነቷ ያመማት ጉሮሮ ሊሆን እንደሚችል አስረዷት። ሕመም ለሙእሚን ወንጀል ማበሻ መሆኑን ደግሞ ኡስታዞቻችን አስተምረውናል።

3. ከቀዶ ሕክምናው በፊት፦ የቃል አማና

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

በጀርመን ሕግ ማንኛውም ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ሐኪሙ ለበሽተኛው በቃል፣ በሚገባው መንገድና አስቦ ለመወሰን ጊዜ እንዲኖረው አስቀድሞ ማስረዳት አለበት። ይህ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 630ሠ (በጀርመንኛው ፊደል «ኤ») ላይ የተቀመጠ ነው። በሽተኛው የሚፈርምበትን ወረቀት ቅጂም መውሰድ መብቱ ነው። እናንተ «አውፍክሌሩንግ» የምትሉት ይህ ነው። ወላጃችን ጀርመንኛው የማይበቃው ከሆነ «የሚገባው መንገድ» የሚሆነው ማነው? ብዙ ጊዜ ልጁ ነው።

አንድ ቀን እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ሐኪሙ ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ስትሮክና በቀዶ ሕክምናው ወቅት ሊደርስ ስለሚችል ሞት በዝርዝር ተናገረ። የ16 ዓመት ልጅ የሆነችው አስተርጓሚ መሬት መሬቱን እያየች ለአባቷ «ምንም የሚያሰጋ ነገር የለም ይላል» አለችው። አባትየው ፈረመ። ልጅቷን ማን ይወቅሳታል? አባቷን ትወዳለች፤ «ልትሞት ትችላለህ» የሚለውን ቃል በራሷ አፍ ልትነግረው አልቻለችም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ አልነበረባትም።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ 58ኛው አንቀጽ አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ አዞናል። አማና ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ስለ አባታችሁ ልብ የሚናገረው ቃል የማን ነው? የአባታችሁ ነው። እናንተ ጋ የሚያልፍ ዕቃ ነው እንጂ የእናንተ ንብረት አይደለም። ስለዚህ የሚከተሉትን ነገሮች እንያዝ።

ሀ) የተባለውን ሁሉ አድርሱ፤ አትጨምሩ፣ አታስቀሩ። ለማለሳለስ ከፈለጋችሁ ቃሉን ሳይሆን አነጋገሩን አለስልሱት። «አባዬ፣ ሐኪሙ አደጋውንም መንገር ግዴታው ነው፤ እንዲህ እንዲህ ሊያጋጥም ይችላል፣ አብዛኛው ሰው ግን በሰላም ያልፋል ይላል» ማለት ይቻላል፤ ሐኪሙ በእርግጥ እንዲያ ካለ።

ለ) ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ባለቤቱን ቀድማችሁ ጠይቁት። በባህላችን ክፉ ወሬ ለበሽተኛ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ «እንዳይደነግጥ እንዳትነግሩት» ይላል። ይህ ከርኅራኄ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ማብራሪያውን «አልፈልግም» የማለትን መብት የሰጠው ለራሱ ለበሽተኛው ነው፤ ለአጎት ወይም ለአክስት አይደለም። «እማዬ፣ ሁሉንም ዝርዝር ልንገርሽ ወይስ ዋናውን ብቻ?» የሚል አንድ ጥያቄ ብዙ ጭንቀት ያቃልላል።

ሐ) ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ አያስተርጉም። ቀጠሮው ሲያዝ «አስተርጓሚ ያስፈልገናል» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሆስፒታሎች አንዳንዴ አማርኛ የሚችል ሠራተኛ ወይም የስልክ አስተርጓሚ ያገኛሉ። ካልተገኘ ከጀመዓው አንድ በዕድሜ የበሰለና ምሥጢር የሚጠብቅ ሰው ይሂድ። ለእናቶች ሴት አስተርጓሚ ብትሄድ ይመረጣል፤ እናት በልጇ ፊት የማትናገረው የሴት ጉዳይ አለ።

መ) ጥያቄዎችን በቤት ጽፋችሁ ሂዱ። የትኛው ሥር ነው የተዘጋው? ሌላ ሕክምና አለ? ስንት ቀን እንተኛለን? የሚወስዱት መድኃኒት ከመቼ ጀምሮ ይቆማል? አገር ቤት የተላኩ ባህላዊ መድኃኒቶችና የአብሽ ወይም የጥቁር አዝሙድ ዘይት የሚወስዱ ከሆነም ሳይደብቁ ይናገሩ።

ስለ ቫልቭ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ከብረትና ከካርቦን መሰል ነገር የሚሠራው ሜካኒካል፣ ሌላው ከእንስሳ አካል የሚሠራው ነው። ሜካኒካሉ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ነገር ግን ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ዕድሜ ልክ ያስፈልገዋል። የእንስሳው ያን ያህል ደም ማቅጠኛ አይፈልግም፤ ግን ከዓመታት በኋላ ያረጃል። የእንስሳው ቫልቭ ደግሞ ከከብት ወይም ከአሳማ ሊሆን ይችላል። ለሙስሊም ቤተሰብ ይህ ተራ ጥያቄ ስላልሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁ፤ ከከብት የተሠራ አማራጭ ካለ ንገሩ። ሌላ ምትክ ከሌለ ሕይወትን ለማዳን ሲባል ብዙ ዑለማዎች በዶሩራ ደንብ ይፈቅዳሉ። ጉዳዩን ለምታምኑት ኡስታዝ አቅርቡት። አንድ ሰው ቫልቩ ከተገጠመለት በኋላ «ሐራም ደረትህ ውስጥ አለ» እያሉ ማስጨነቅ ግን ከአደብም ከእውቀትም የራቀ ነው።

4. ወረቀቱን ቀድሞ መጨረስ

ብዙዎቻችን «እኔ ትልቁ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ራሱን ካላወቀ እኔ እወስናለሁ» ብለን እናስባለን። የጀርመን ሕግ እንደዚያ አይልም። ልጅ ልጅ በመሆኑ ብቻ ስለ ወላጁ ሕክምና መወሰን አይችልም። የሚያስፈልገው ወላጁ ጤነኛ ሳለ ፈርሞ የሰጠው የውክልና ወረቀት፣ «ፎርዞርገፎልማኽት» የምትሉት ነው። እሱ ከሌለ ፍርድ ቤት ተወካይ እስኪሾም መጠበቅ ሊመጣ ይችላል።

ባልና ሚስት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ አንዳቸው ራሳቸውን ካላወቁ ሌላኛው ስለ ሕክምና ጉዳይ ቢበዛ ለ6 ወር መወሰን ይችላሉ። እዚህ ላይ ለእኛ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለ። ሕጉ የሚያውቀው በመንግሥት ፊት የጸና ጋብቻን ነው። በመስጂድ ኒካሕ ብቻ ታስሮ ያልተመዘገበ ትዳር በአላህ ዘንድ ትዳር ቢሆንም፣ ሚስቲቱ በሆስፒታል በር ላይ እንደ ሚስት ላትቆጠር ትችላለች። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ካለ ውክልናው ይበልጥ ያስፈልገዋል።

የውክልናውን ቅጽ የፌዴራል ፍትሕ ሚኒስቴር በነፃ ያቀርባል። ከሱ ጋር ሰውየው ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚፈልግና እንደማይፈልግ የሚገልጽበት «ፓትሲየንተንፈርፉጉንግ» አለ። ወላጆች ይህን ወረቀት ሲያዩ «ሞቴን ትጠብቃላችሁ?» ብለው ሊከፉ ይችላሉ። ያኔ የወሲያን ሱንና አስታውሷቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወሲያ የሚያደርግበት ነገር ያለው ሙስሊም ጽፎ ሳያስቀምጥ ሁለት ሌሊት እንዳያድር አሳስበዋል። ወሲያ ሞትን አይጠራም። ዕዳን፣ አደራንና ፍላጎትን በግልጽ አስቀምጦ የሚገባ ሰው ቀዶ ሕክምናውን ቀለል ባለ ልብ ይጠብቀዋል።

5. የቀዶ ሕክምናው ዕለት

የልብ ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል፤ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። መቆየቱ ብቻውን መጥፎ ምልክት አይደለም። በዚያ ቀን ቤተሰቡን የሚያደክመው ከጥበቃው ይልቅ ስልኩ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከጅዳ፣ ከዋሽንግተን፣ ከሽቱትጋርት ይደወላል፤ ሁሉም «ወጣ? ወጣች?» ይላል።

ስለዚህ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ አንድ ሰው የዜና ኃላፊ ይሁን። ሐኪሙ የሚደውለው ለአንድ የቤተሰብ አባል ነው፤ እሱ ለዜና ኃላፊው ይነግራል፤ የዜና ኃላፊው በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ ለሌላው ያደርሳል። ለአገር ቤት አያትም የሚነግራት አንድ ሰው ይወሰን፤ ዜናው በጭምጭምታ አይድረሳት።

ሌሎቻችሁ ሥራ ተካፈሉ። አንዱ ትንንሾቹን ልጆች ከትምህርት ቤት ያምጣ፤ አንዷ ምሳና እራት ሠርታ በር ላይ አስቀምጣ ትሂድ፤ አንዱ መኪና ይዞ ይጠብቅ። ቀዶ ሕክምናው በባድ ናውሃይም ባለው የኬርክሆፍ ክሊኒክ ከሆነ ከተማው ከፍራንክፈርት በስተ ሰሜን በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሆነ አመላላሽ ሰው በጣም ይረዳል። ያ የሕክምና ስፍራ መነሻው አንዲት ሴት ለሞተው ባሏ መታሰቢያ በሰጠችው ገንዘብ በ1931 የተከፈተ የልብ ምርምር ተቋም ነው። የአንድ ቤተሰብ ሐዘን ለስንት ሌላ ቤተሰብ መዳኛ እንደሆነ አስቡት።

ዱዓውስ? ዱዓ በሁሉም ቦታ ይደረጋል፤ የሆስፒታሉን መተላለፊያ መሙላት አያስፈልገውም። መስጂድ ወይም ቤት ሆናችሁ በሶላት ተማጸኑ።

6. በጽኑ ሕሙማን ክፍል

ወላጁን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ልጅ ይደነግጣል። ፊቱ ያበጠ ሊሆን ይችላል፤ በአፉ ቱቦ ስላለ አይናገርም፤ ከደረቱ የደም ማፍሰሻ ቱቦዎች ይወጣሉ፤ ማሽኖቹ ይጮኻሉ። ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ታናናሾቻችሁን አዘጋጇቸው።

ከዚህ በላይ ቤተሰብን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለቀናት ሊደናገሩ ይችላሉ። ሐኪሞቹ «ዴሊር» ይሉታል። አንድ አባት በሦስተኛው ቀን ጣራው ላይ ፈረስ ያዩ ነበር፤ ከሞተ ወንድማቸው ጋር ያወሩ ነበር፤ ነርሷንም ልትመርዘኝ ነው ብለው ጠረጠሩ። አንዲት ዘመድ «ጂን ነው፣ ቶሎ ይቀራበት» አሉ። ልጃቸው ግን ለነርሷ ሄዶ «አባቴ የሚናገረው ትርጉም የለውም፤ እንዲህ ሆኖ አያውቅም» አላት። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ሥራ ሠራ። እሳቸው የሚያወሩት በአማርኛ ስለነበር፣ ሐኪሞቹ መደናገራቸውን ከቋንቋ ችግር መለየት አልቻሉም ነበር። ሕክምናቸው ተስተካክሎ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ራሳቸው ተመለሱ፤ አልሐምዱሊላህ።

ቁርኣን መቅራት ሩቅያም ሰኪናም ነው፤ ማንም አይከለክለውም። ለሐኪሙ መናገርን ግን አይተካም። ለተደናገረ ሰው የሚረዳው መነጽሩንና የመስሚያ መሣሪያውን ማድረግ፣ ቀኑንና ቦታውን ቀስ ብሎ መንገር፣ የሚያውቀውን ድምፅ መስማትና ማታ እንቅልፍ ማግኘት ነው። የሚያውቀውን ድምፅ ማሰማት የእናንተ ሥራ ነው። በሌላችሁበት ሰዓት እንዲረዳም «ያመኛል»፣ «ውሃ»፣ «ሽንት»፣ «በረደኝ»፣ «ሶላት» የሚሉትን ቃላት በአማርኛና በጀርመንኛ አስተያይታችሁ በካርድ ላይ ጻፉና አልጋው አጠገብ አስቀምጡ። አማርኛ ለማያነብ ወላጅ ሥዕል ሳሉበት።

ሌሎች አደቦች፦ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው በላይ አትግቡ፤ እጃችሁን ታጠቡ፤ ጉንፋን የያዘው ይቅር፤ ምግብና አበባ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አይወሰድም፤ ጥየቃው አጭር ይሁን። ደግሞም ቱቦ የተሰካበትን ሰው ፎቶ አንስቶ በፌስቡክም ሆነ በቤተሰብ ግሩፕ መልቀቅ የሰውን ዐውራና ክብር መግፈፍ ነው። ራሱን ባላወቀበት ሰዓት ክብሩን የሚጠብቅለት ቤተሰቡ ብቻ ነው።

7. ወደ ቤት ሲመለስ

ጠያቂው የሚቀንሰው፣ ሥራው ግን የሚበዛው በዚህ ጊዜ ነው።

የተከፈለው የደረት አጥንት እስኪገጥም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነገር ማንሳት፣ በእጅ ተደግፎ መነሳትና መኪና መንዳት አይቻልም። ይህ ሶላትንም ይነካል። ከሱጁድ በእጅ ተደግፎ መነሳት ለደረቱ ጥሩ ስላልሆነ ወንበር ላይ ተቀምጦ በምልክት መስገድ አለ። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ እንዲሰግድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዒምራን ኢብኑ ሑሶይን ነግረውታል። ቁስሉ ላይ ውሃ ማድረስ ካልተቻለ በፋሻው ላይ ማበስና ተየሙም አሉ። አባቶች «ሙሉ ካልሰገድኩ» ብለው ሲታገሉ በእርጋታ አስታውሷቸው፤ ሩኽሳን መቀበልም ዒባዳ ነው።

ረመዷን ሲመጣም እንዲሁ ነው። አላህ ለበሽተኛ ሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል (አል-በቀራህ 184 እና 185)። በተለይ ውሃ የሚያስወጣ መድኃኒትና ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ መጾም የለባቸውም።

ሜካኒካል ቫልቭ የተገጠመላቸው ሰዎች እዚህ አገር ብዙ ጊዜ ማርኩማር የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል፤ ጎመን ደግሞ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው። ይህ ማለት ጎመን ሐራም ሆነ ማለት አይደለም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አይዋዥቅ ማለት ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ጎመን፣ ቀጣዩን ምንም ካልተበላ የደም ምርመራው ይዛባል። ለጥየቃ የምትሠሩትም ምግብ ጨው የቀነሰ፣ ቅቤው የሳሳ ይሁን።

ከሆስፒታል እንደወጡ ለ3 ሳምንት ያህል የሚሰጠውን የማገገሚያ ሕክምና (ሬሃ) ወላጆቻችን «ምግቡስ? ሶላቱስ? ብቻዬን?» ብለው እምቢ ሊሉ ይችላሉ። አታስተዋቸው። የሆስፒታሉ ማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ከመውጣታቸው በፊት ያመቻቸዋል፤ ስለ ሐላል ምግብና ስለ መስገጃ ቦታ እናንተ ቀድማችሁ ደውሉ። ወላጆቻችን መድኃኒታቸውንና እንቅስቃሴያቸውን የሚማሩት እዚያ ነው።

ትኩሳት፣ ከቁስሉ ፈሳሽ መውጣት፣ ደረት ውስጥ የሚንቋቋ ስሜት ወይም በድንገት ክብደት መጨመር ካለ ለሐኪም ደውሉ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ 116117 አለ። የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መጣመም ወይም የእጅ መስነፍ ካለ ግን ሳትማከሩ 112 ደውሉ።

8. አስታማሚውንስ ማን ያስታምመዋል?

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሽተኛው ሊያዝን፣ ሊበሳጭ፣ ሊያለቅስ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ሚስቲቱ ወይም ትልቋ ሴት ልጅ ግን ለወራት ሳይተኙ ይከርማሉ፤ ማንም «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አይላቸውም። ወንዶች ልጆች ሆይ፣ ማስታመም የእህቶቻችሁ ብቻ ሥራ አይደለም። ዑሥማን ወንድ ነበር።

የገንዘቡን ጉዳይም እርዷቸው። በሕዝባዊው የጤና መድን ላለ ሰው የሆስፒታል መዋጮ በቀን 10 ዩሮ፣ በዓመት ቢበዛ ለ28 ቀን ነው፤ ለሥር የሰደደ በሽታ ያለበት ሰው የዓመቱ መዋጮ ሁሉ ከገቢው 1 በመቶ ሲያልፍ ነፃ እንዲሆን ማመልከት ይችላል። ተቀጣሪ ከሆነ ለ6 ሳምንት ሙሉ ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ከመድኑ የሕመም ክፍያ አለ። የተኛችው እናት ከሆነችና ቤት ውስጥ ከ12 ዓመት በታች ልጅ ካለ የቤት ረዳት ከመድኑ መጠየቅ ይቻላል። እነዚህን ደብዳቤዎች መጻፍ ለእናንተ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ለወላጆቻችሁ ግን ተራራ ነው።

ለውይይት

1. ወላጆቻችሁ ራሳቸውን ባያውቁ ማን እንዲወስንላቸው ይፈልጋሉ? ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ?
2. ዘመዶች «እንዳትነግረው» ቢሏችሁና ሐኪሙ ደግሞ «ተርጉምልኝ» ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?
3. በጀመዓችን አስተርጓሚ፣ ሹፌር፣ ምግብ ሠሪና የዜና ኃላፊ መሆን የሚችሉትን ስም ጻፉ። ዝርዝሩን ለመስጂዱ ኮሚቴ ስጡ።

የቤት ሥራ፦ በዚህ ሳምንት ከወላጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ የሚወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ በቦርሳቸው አስቀምጡላቸው።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ሙሉ ሺፋእ ያልብሳቸው፤ የሚያስታምሟቸውን ሶብርና ብርታት ይስጣቸው፤ የወላጆቻችንን ሐቅ የምንወጣ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።